«ፎርማት ይደረግ» የተባለው ቶሺባ

14 አሮጌ ላፕቶፖች አሉኝ። የሚበሩት 5ቱ ብቻ ናቸው፤ ከ5ቱም ሁለቱ ቀኑ ካልቀናቸው አይነሡም። የምኖረው አዴት ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ የምታገኟት ከተማ። አዴትን የሚያውቅ ሰው ወይ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ያውቃታል፣ ወይ በድንቿ፣ ወይ ደግሞ መኪናው ቆሞባት ሻይ ጠጥቶ ያለፈ ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር የሚያውቃት የለም።

እናቴ ስብስቡን «ሬሳ» ነው የምትለው። «አንተ ልጅ፣ ይኸን ሁሉ ሬሳ የሰበሰብኸው ተዝካር ልታወጣለት ነው?» ትለኛለች። ሬሳዎቹ ያሉት በእሷ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ስለሆነ የመናገር መብት አላት። ድሮ ጥሎሿና ጋቢዋ የሚቀመጥበት ሳጥን ነው።

ባሕር ዳር ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ስመለስ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ከፈትሁ። ሰው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ «ይሠራል ወይ?» ይላል፣ ዋጋውን ይሰማል፣ «እንግዲያ አንተው ጋ ይቀመጥ» ብሎ ይሄዳል። አይመለስም። ስብስቡ የተጀመረው በዚህ ነው እንጂ እቅድ አልነበረኝም። በኋላ ግን እኔው መፈለግ ጀመርሁ። አንዱን ኮምፓክ ያስጣልሁት ከልዋጭ ነው። ሴትዮዋ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ልትለውጠው ስትል ደርሼ፣ ከዚያው ከልዋጩ ሁለት ሳፋ ገዝቼ ሰጠኋት። ልዋጩ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይስቃል።

አሮጌ ላፕቶፕ መሰብሰብ በሌላው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን ኦስቦርን 1 የሚያፈላልጉ ሰዎች አሉ፤ 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ስክሪኑ ደግሞ 5 ኢንች ናት፤ የዛሬ ስልካችሁ ይበልጣታል። ባትሪ ስለሌለው ላፕቶፕ ማለት ይከብዳል፤ እጀታ ያለው ሻንጣ ነው። በ1982 የወጣውን ግሪድ ኮምፓስ የሚፈልጉም አሉ፤ እሱ በአሜሪካ መንኩራኩር ተጭኖ ጠፈር ድረስ ሄዷል። በ1992 አይቢኤም ያወጣው ቲንክፓድ 700ሲ፣ በኪቦርዱ መሐል ቀይ ነጥብ ያለው፣ እሱም ወዳጆች አሉት። እነዚህ ሰዎች የሚሰበስቡት አንደኛ የሆነውን ነው፤ የመጀመሪያውን፣ ትልቁን፣ ብርቁን። እኔ ጋ አንደኛ የሆነ ምንም የለም። የእኔዎቹ ፋብሪካው በብዛት አምርቷቸው፣ ውጭ አገር አንድ ቢሮ ተጠቅሞባቸው፣ ከዚያ በዘመድ ሻንጣ የመጡ ናቸው። ዋጋቸው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ውስጣቸው ሰው የጻፈው ላይ ነው።

አንዷ ብቻ ከዚህ ትለያለች። ነጭና አረንጓዴ ናት፣ እንደ ጥንቸል ሁለት ጆሮ አላት፣ የሚያያት ሁሉ «መጫወቻ ናት?» ይላል። ኤክስኦ ትባላለች። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባለው የኤምአይቲ ሰው ለድሃ አገር ልጆች የ100 ዶላር ላፕቶፕ እናቀርባለን ብሎ የተነሣበት ፕሮጀክት ውጤት ናት፤ 100 ዶላሩ ግን ወደ 190 ተጠግቶ ነው የቆመው። ወደ እኛም አገር በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ መጥተው ለተማሪዎች ታድለዋል። የኔዋን መርካቶ ነው ያገኘኋት፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰች ሻጩም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ። አቅሟ ከዛሬ ርካሽ ስልክ ያነሰ ነው፤ 256 ሜጋባይት ራም፣ 1 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሃርድ ዲስክ የሚባል ነገር የላትም። ግን ጠራራ ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፤ እስቲ ያንን በስልካችሁ ሞክሩት። ኪቦርዷ ላይ ፊደላችን ታትሞበታል። ደግሞ ስትፈቷት እጀታዋ ውስጥ ትርፍ ብሎኖች ተሰክተው ታገኛላችሁ። ብሎን እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያሰበ ሰው የሠራት ማሽን ናት! ጠጋኝ ሆኜ እስካሁን እንዲህ ያከበረኝ ፋብሪካ አላየሁም።

አሁን ወደ ቶሺባው ልምጣ፤ ይኼን ሁሉ ለመጻፍ የተነሣሁት በእሱ ምክንያት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ይመስለኛል፣ አንዲት በዕድሜ ታላቄ የሆነች ሴት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ሱቄ መጣች። እታለም ነው የምላት፤ ለእኔ ቢጤው ታናሽ አዴት ላይ እንዲያ ነው የሚባለው። ነጠላውን ስትፈታው ወፍራም፣ ግራጫ ቶሺባ ሳተላይት ነው። ጎኑ ላይ የፍሎፒ ቀዳዳ አለው። የአባቷ ነው። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ የቅኔ መምህር። አሜሪካ ያለው ወንድሟ በ1993 ዓ.ም. ልኮላቸው፣ እሳቸውም በስተርጅና በሁለት ጣት እየለቀሙ መጻፍ ለምደው፣ እስኪያርፉ ድረስ የጻፉት እዚያ ላይ ነው።

«ሌላ ቦታ ወስጄው ነበር» አለችኝ። «ፋይሉን በፍላሽ አወጡልኝና ስንከፍተው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው። ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ይደረግና ለልጆቹ ጌም ይጫንበት አሉኝ።»

«ፎርማት ተደረገ?»

«ኧረ እኔስ እንቢ አልሁ። የአባቴ እጅ ያረፈበት ነው።»

ፍላሹን ሰጠችኝ። ከፈትሁት። የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ የፓውንድ ምልክት፣ ላዩ ላይ ነጥብ ያለበት ኦ፣ እንደገና የጥያቄ ምልክት። ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው። የሚያስቅ ነገር ቢኖር፣ ቫይረስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሥርዓት አይኖረውም ነበር፤ በየሁለት መስመሩ እያረፈ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ስምንት መስመር እየሆነ ይሄዳል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። መወድስ ስምንት ነው። ቅኔ ባልማርም ጎጃም ተወልጄ ይኼ አይጠፋኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። ትዕግሥት ይኑራችሁ፤ ትንሽ ሒሳብ አለበት።

በዚያን ጊዜ የነበሩት ፎንቶች ለፊደል የሚሆን 256 ቦታ ብቻ ነበራቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ለራሱ የተያዙ ስለሆኑ 224 ይቀራሉ። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ገና ዲቃላዎቹ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ ሳይቆጠሩ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 ቁጥሮች ሳይቆጠሩ፣ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ ሳይቆጠሩ ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን የተሠራን የጽሕፈት መኪና ወደ አማርኛ ሲያዞሩ የገጠማቸው ጣጣ በኮምፒውተር ተመልሶ መጣ። እንግዲህ የፊደላችን ነገር ያሳሰባቸው ሰዎች፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ከነበሩት እነ ፍስሐ አትላው ጀምሮ አገር ቤት ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን እስከሠሩት ድረስ፣ ዘዴ ፈለጉ። ኮምፒውተሩን አታለሉት። እሱ የላቲን ፊደል ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ፊደል ፋንታ ስክሪኑ ላይ «ለ»ን ይሥልለታል። ቦታው ሲያልቅ ደግሞ ትርፉን ወደ ሁለተኛ ፎንት ያሻግሩታል።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም የየራሱን አቀማመጥ ነው የሠራው። የአንዱ «ለ» የተቀመጠበት ቦታ ላይ የሌላው «ሟ» ሊኖር ይችላል። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉ ጠፋ፤ ማለቴ አለ፣ ግን አይነበብም። ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ አንድ የማይለወጥ ቁጥር ተሰጠው። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ደግሞ በ2007 በቪስታ ነው። እናንተ ዛሬ በስልካችሁ «እንዴት ናችሁ» ብላችሁ ስትልኩ ሌላው ጋ ልክ ሆኖ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን፣ ስንት የቀበሌ ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የእድር መዝገብ፣ አሁንም በየአሮጌው ዲስክ ላይ በላቲን ተሸፍኖ ተኝቷል። ያየ ሁሉ ቫይረስ ነው ይላል።

ቶሺባውን አላበራሁትም። ይኼን በጥቁር እስክሪብቶ ጻፉልኝ፦ ለዓመታት የተቀመጠ ላፕቶፕ ስታገኙ፣ ውስጡ የምትፈልጉት ነገር ካለ፣ መጀመሪያ አታብሩት። ሰው የመጀመሪያ ሥራው ቻርጀር መሰካት ነው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ትንፋሹን የሚያወጣው ያኔ ነው። ቻርጀሩም ራሱ ጠላት ይሆናል፤ የድሮ ቶሺባ 15 ቮልት፣ የድሮ ቲንክፓድ 16 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የመጡት ቲንክፓዶች ደግሞ 20። ያ ጫፉ የሚቀያየረው «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ቻርጀር ተሰክቶበት ተቃጥሎ የመጣ ሦስት ቆጥሬያለሁ።

ስለዚህ ባትሪውን አወጣሁ፤ ካበጠ ወይም ካለቀሰ ከነጭራሹ ከቤት ይወጣል እንጂ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። ዲስኩን ፈታሁ። 6 ጊጋባይት ናት። በማገናኛ ከእኔ ማሽን ጋር አገናኝቼ ዲዲሬስኪዩ በሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም ቅጂዋን ማውጣት ጀመርሁ። ይኼ ፕሮግራም ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ያነብባል፤ የታመመውን ዘሎ ያልፍና በኋላ ይመለስበታል። የደረሰበትንም ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። የሠራው ሰው አዴት የኖረ ይመስላል። በአራት ቀን፣ መብራት ሲመጣ እየቀጠልሁ ሲሄድ እያቆምሁ፣ ጨረስሁ። ዲስኳ ቅጭ ቅጭ ትል ነበር። ከጥቂት የማይነበቡ ቁርጥራጮች በቀር ሁሉም ወጣ።

ከዚያ ያወጣሁትን ቅጂ በኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ላይ ገልብጬ ካርዱን በትንሽ ማገናኛ የዲስኩ ቦታ ላይ ሰካሁት። ዋናው ዲስክ በላስቲክ ታሽጎ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች ተጨምረውለት፣ ዐረፈ። (እነዚያን ከረጢቶች አትጣሉ። የጎጃም ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ የምድጃ ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ የማሽኑ ሽቦ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል።) ቻርጀሩ የሚሰካበት ቀዳዳ ተነቃንቆ ስለነበር በየድሁት፤ ከዚያም በኋላ ገመዱን በአንድ በኩል ደገፍ ካላደረጉት ይጠፋል።

ሲበራ ስክሪኑ መጀመሪያ እንደ አመሻሽ ሰማይ ቀላ። የድሮ ስክሪን በስተኋላው ቀጭን የመስታወት መብራት ነው ያለው፤ ሲያረጅ ይቀላል። ቆይቶ ነጣ። ዊንዶውስ 98። ዴስክቶፑ ላይ አንድ ፎልደር ብቻ። ከፈትሁት፤ ፊደሉ ወለል ብሎ ወጣ። እታለም ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ሱቅ መሆኑን አስታውሳ ዝም አለች።

ከ300 በላይ ፋይል አለ። ብዙው ቅኔ ነው፤ የራሳቸውና ከመምህሮቻቸው በቃል የያዙት። አንዳንዱ የእድር ሒሳብ ነው። አንዱ ፋይል ለአሜሪካው ልጃቸው የተጻፈ ያልተላከ ደብዳቤ ነው፤ እሱን ሳላነብ ዘጋሁት።

እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር። በ1996 ዓ.ም. ስትዳር፣ አባቷ ሠርጓ ላይ ተነሥተው ቅኔ ተቀኙ። ካህናቱ ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ አንድ ሽማግሌ ዕንባቸውን ጠረጉ። እሷ ግዕዝ አታውቅም። «ምን አልኸኝ፣ አባባ?» ብትላቸው «ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ» አሏት። ሌላ ጊዜ ሳይመጣ ቀረ።

እዚህ ላይ ብልጥ አንባቢ «ታዲያ ፎንቱን ከዚያ ማሽን ገልብጠህ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አትጭነውም?» ይላል። ጭኜዋለሁ። በወርድ የተጻፉት ተከፈቱ። ግን የሰው ሁሉ ንባብ ዛሬ ስልክ ላይ ነው፤ አሜሪካ ያለው ልጃቸውም በስልኩ ነው የሚጠብቀው። ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ አለበት። ደግሞ መሪጌታ በኋለኞቹ ዓመታት የጻፏቸው ብዙዎቹ ፋይሎች ያለ ወርድ፣ ተራ ጽሑፍ ሆነው ነው የተቀመጡት። ተራ ጽሑፍ ፎንት አይመዘግብም። ማሽናቸው ላይ የነበረው ደግሞ ሁለት ፎንት የሚጠቀም ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱ ቦታ «በ»ም ሊሆን ይችላል፣ «ጓ»ም ሊሆን ይችላል። ከዓረፍተ ነገሩ መገመት ነው ያለው። በግዕዝ! በቅኔ!

ጊዜውን ደግሞ አስታውሱ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን የፎንቱን የፊደል ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ እሞክር ነበር። አሁን ግን ከቶሺባው በቀር ሠንጠረዡን የሚያውቅ በአጠገቤ የለም። ስለዚህ እሱኑ ጠየቅሁት። ማታ ማታ ከ«ሀ» ጀምሬ እያንዳንዱን ፊደል እጽፋለሁ፣ ማሽኑ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳስቀመጠው አያለሁ፣ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። ሁለቱን ፎንቶች ጨርሼ እንደገና ከታች ወደ ላይ ለማመሳከር አምስት ሳምንት ፈጀ። ከተማው በጊዜ ይዘጋል፤ የሚሄድበት ስለሌለ ጥሩ ሥራ ነበር። እናቴ ራሷ አንድ ማታ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» እያለች ከልጅነቷ የቀራትን ስታስቆጥረኝ አመሸች።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ የጽሑፍ መገልበጫ ፕሮግራም በፍላሽ አድርጎ በሰው ላከልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አማርኛን ለኮምፒውተር በማስተማር ሥራ ላይ ነው ያለው። ፕሮግራሙ ደብተሬ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ወስዶ ፋይሎቹን በአንድ ሰከንድ ገለበጣቸው። ደስ አለኝ። ከቶሺባው ስክሪን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳመሳክር ግን አንድ ነገር ዐይኔን ያዘው፤ በተገለበጠው ውስጥ አንድም «ሠ» የለም። አንድም «ኀ» የለም። «ዐ» ሁሉ «አ» ሆኗል።

ይኼ በዚያ ሙያ ውስጥ የተለመደ ነው። አማርኛ ላይ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ወደ አንዱ ይጠቀልሏቸዋል፤ አንዱ ሰው «ሥራ» ሌላው «ስራ» ብሎ ስለሚጽፍ ለማሽኑ ፍለጋ እንዲቀልለት ነው። ለዜና ጽሑፍ ምንም አይደል። ለግዕዝ ግን ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ሰረቀ ማለት ሌባ የሚያደርገው ነው። ዓመት ዘመን ነው፤ አመት ገረድ ናት። ቅኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው ቤቱን የሚሠራው። ሰሙ በአንዱ ፊደል ይሄዳል፣ ወርቁ በሌላው ሊመለስ ይችላል። መሪጌታ በሁለት ጣት እየለቀሙ «ሠ»ን ከ«ሰ» ለይተው ያስቀመጡትን፣ እኛ በአንድ ሰከንድ አንድ አደረግነው። ያንን መስመር ከፕሮግራሙ አውጥቼ እንደገና ገለበጥሁ። ጓደኛዬን በስልክ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «እንዴ፣ እኔ እኮ የአያቴንም ደብዳቤዎች እንዲሁ ነው ያደረግሁት» አለ። ዋናዎቹ ግን አሉት።

ከዚህ በኋላ «ፋይሉ ከተገለበጠ ማሽኑ ምን ያደርጋል?» የሚለኝን ሰው ያንን ጎን ለጎን ነው የማሳየው። ቅጂው ልክ ይሁን አይሁን የምትጠይቁት ዋናው የተጻፈበትን ነው። ቶሺባው ባይነሣ ኖሮ «ሠ» መጥፋቷን ማን ያውቅ ነበር?

አንድ ሰው ግን ሥራዬን አልወደደውም፤ የሚናገረው ስላለው ልጻፈው። የመሪጌታ ተማሪ የነበሩ፣ አሁን ራሳቸው የሚያስተምሩ የኔታ አሉ። ስለ ፋይሎቹ ስነግራቸው ፊታቸው አልፈታም። «ቅኔ አንዴ ተቀኝተው የሚያልፉት ነው» አሉኝ። በዋሸራም በጎንጅም ቢሆን ያሬዳዊው ልማድ ይኸው ነው፤ ለዕለቱ አዲስ ይቀኛል፣ የትናንቱ ለዛሬ አይደገምም። የሌላውን ደግሞ የራስ አስመስሎ መቀኘት ነውር ነው። የተጻፈ ቅኔ ተከምሮ ከተገኘ ሰነፍ ተማሪ እየቀዳ ይነግድበታል የሚል ስጋት አላቸው፤ ስልክ ላይ ሲለቀቅ ደግሞ አስቡት። ትክክል ናቸው ብዬ አስባለሁ፤ ቢያንስ በከፊል። መሪጌታ ግን ያንኑ ልማድ እያወቁ ጻፉት። የመምህሮቻቸውን ቅኔ በየስማቸው ለይተው፣ የት እንደተቀኙት ከሥሩ አድርገው፣ ለዓመታት። ይኼን የሚያደርግ ሰው እንዲጠፋ ፈልጎ አይደለም። ለማንም ይለቀቅ ብሎ ግን አልጻፈም። ከቤተሰቡ ጋር የተስማማነው ሦስት ቅጂ እንዲኖር ነው፤ አንዱ እታለም ጋ፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ እኔ ጋ። ኢንተርኔት ላይ አልወጣም፤ እኔም አላወጣውም። ጠይቃችሁ አትድከሙ።

የሠርጉ ቅኔ የነበረው ከተራ ጽሑፎቹ አንዱ ውስጥ ነው፤ በቀኑ ነው ያወቅነው። ከጉባኤ ቃና አይበልጥም፤ ሁለት መስመር። ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ፊደል ከሁለቱ ፎንቶች የየትኛው እንደሆነች ሠንጠረዤ መልስ የለውም፤ በሁለቱም ቃል ይሆናል። እታለም የኔታን ለምና ሱቅ ድረስ አመጣቻቸው። መቋሚያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ፣ ወንበር አልፈለጉም፣ ከስልክ ላይ ላሳያቸው ብል «ከእሳቸው ማሽን ይሁን» አሉ። ቶሺባውን አበራሁት፤ ቀልቶ፣ ቆይቶ ነጣ። በፊተኛው ፎንት አሳየኋቸው። አነበቡት። ከዚያ በሁለተኛው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቆዩ፤ ከዚያ ሳቁ። ያ ሁሉ ኮስታራነት ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔ እኮ ነበርሁ፣ ሠርግሽ ላይ» አሏት። «ልጅ ነበርሁ፤ ያኔ ወርቁ አልገባኝም ነበር።»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ፈቱላት። እኔ የቻርጀሩን ገመድ በእጄ ይዤ ነበር፤ ከለቀቅሁት ማሽኑ ይጠፋል፤ ስለዚህ መራቅ አልቻልሁም፣ ሰማሁት። እዚህ አልጽፈውም። እታለም ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አድርጋ «አይ አባባ፣ አይ አባባ» ትል ነበር፤ ደግሞም ትስቅ ነበር። የኔታ ሲወጡ በሩ ላይ ዘወር ብለው፣ ያ ፎልደር ውስጥ የመምህራቸው የዕጣነ ሞገር ቅኔዎች እንዳሉና እንደሌሉ ጠየቁኝ። አሉ። ቅዳሜ ተማሪ አስከትለው እንደሚመጡ ነገሩኝ፤ ብራናና ቀለም ይዘው ነው የመጡት። እናቴ ቡና አፈላች፤ ሳጥኑንም በጨርቅ ወልውላ ነበር።